ቫይታሚን ነው ያልኩት መርፌ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለሰው ጆሮ አድርሼው አላውቅም ነበር። ለሚስቴ እንዳልነግራት ሚስት የለኝም። ለእናቴ እንዳልነግራት፣ እሷ ጠዋት የሰማችውን ጎፋ ሁሉ እስከ ምሳ ሰዓት ይሰማዋል። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩበትን ምክንያት ደግሞ ስደርስበት ትስቃላችሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ጥፋቱን እየሳቀ የሚናዘዝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ደፋር ነው? ዓይን አውጣ ነው? እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ግን የነገሩ መጨረሻ አምሯል። ያማረው በእኔ ጨዋነት ስላልሆነ በእሱ ብደሰት የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ። ቫይታሚን ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።

ደረጀ እባላለሁ። ጎፋ ውስጥ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ጂም አለኝ። ከታች መዶሻው፣ ከላይ የእኛ ብረት፤ ጎረቤት ከሁለታችን የትኛው እንደሚያስቸግረው እስካሁን አልለየም። ብሩክ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነው። ከሀይሌ ጋርመንት ሜክሲኮ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ብሩክ ደግ ሰው ነው። አንዲት እናት መንገድ ስትሻገር ካየ፣ ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ ቢያደርግ ንቅንቅ አይልም።

ሶስናን ሊያገባ ሲል ወደ ጂም መጣ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መንዳት ሆዱን አውጥቶት ነበር። "ደሬ፣ በሰርጌ ቀን ሱፍ እንዲያምርብኝ አድርገኝ" አለኝ። ሠራ፤ በእውነት ሠራ። ግን ለውጡ ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልፈለግኩም። ለምን? ጂሙ በር ላይ የምለጥፈው ፎቶ ስለፈለግኩ ነው። "በፊት" እና "አሁን" የሚሉ ሁለት ፎቶዎች። መንገደኛው ሁሉ የሚያውቀው ሾፌር በሁለት ፎቶ መካከል ጎረምሳ ሆኖ ቢታይ፣ ስሜ መካኒሳ ድረስ ይሰማል ብዬ ነው። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ፈልጌ አላገኘሁም።

እኔ ራሴ ያኔ ቴስቶስትሮን እወጋ ነበር። ቴስቶስትሮን የወንድ ሆርሞን ነው። ሰውነታችን ራሱ በልኩ ያመርተዋል፤ እኛ ደግሞ ልኩ አልበቃንም ብለን ከውጭ እንጨምርበታለን። ክንዴ ያበጠው በእሱ ነበር። ለሰው ግን "በበሶና በእንቁላል ነው" እል ነበር። ብሩክ አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቀኝ። "ደሬ፣ ያን ሆርሞን የሚሉትን ትወጋለህ እንዴ? እኔ እንደሱ ያለ ነገር አልፈልግም። ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ" አለኝ። ሰማችሁ አይደል? ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ አለኝ። መድኃኒቱን የሸጠልኝ ሰውዬ ደግሞ "ወልደህ ካልጨረስክ ተጠንቀቅ" ብሎ ነግሮኝ ነበር። ታዲያ ለብሩክ ምን ብዬ መለስኩለት? "አይዞህ፣ ለአንተ የምሰጥህ ቫይታሚን ነው" አልኩት።

ዓርብ ዓርብ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ የብልቃጡን ጽሑፍ አስቀድሜ በጥፍሬ ፍቄ ወጋሁት። ፈሳሹ ቢጫ ነው፣ ዘይት ይመስላል። ምን ዓይነት ቫይታሚን ነው ዘይት የሚመስለው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ለምን ይጠይቀኛል? የልጅነት ጓደኛው አይደለሁም? ሱሪውን ዝቅ አድርጎ "እጅህ እኮ አያምም፣ ነርስ መሆን ነበረብህ" እያለ ያመሰግነኝ ነበር።

ሱፉ አማረበት፤ ሲያምርበትም ለጉድ ነው። ፎቶውን በሩ ላይ ለጠፍኩ፣ ሰው ጎረፈ። ከሰርጉ በኋላም አላቆምኩም፤ ካቆምኩ ይቀንሳል፣ ከቀነሰ ፎቶው ሊያሳፍረኝ ነው። ሶስና ልብስ ሰፊ ናት፤ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በአንድ ፋብሪካ ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷም ከእጇ አይተናነስም። የብሩክን ሸሚዝ እጅጌ በየጊዜው እየፈታች ታሰፋለች። "ደሬ፣ ባሌን እንደ ሊጥ ኩፍ እያደረግኸው ነው" ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ።

ልጅ ግን አልመጣም። አንድ ዓመት ሄደ፣ ሌላውም ተከተለ። ሶስና ተመረመረች፤ ምንም የለብሽም አሏት። የብሩክ እናት እማማ በላይነሽ ግን ይህን መስማት አልፈለጉም። ልጃቸውን ባዩ ቁጥር "ይሄን የሚያህል ወንድ!" ይላሉ። ይሄን የሚያህል ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የብሩክ ክንድ በወፈረ ቁጥር የእናቱ ዓይን ወደ ሶስና ይዞራል።

አንድ ጊዜ መካኒሳ፣ ጎረቤት ክርስትና ላይ ነበርን። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሶስና ልትቀበል እጇን ዘረጋች። እማማ በላይነሽ ቀድመው ተቀበሉና፣ ሰው እየሰማ፣ "ተይው የኔ ልጅ፤ የወለደች ትያዘው" አሏት። ሶስና የዘረጋችውን እጅ ምን እንደምታደርገው ጠፋባት። ቀሚሷን አስተካከለችበት። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ክትፎ እየበላሁ ነበር። መብላቴን አላቆምኩም። ከሠራሁት ሁሉ በጣም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ክትፎዬን ጨረስኩ።

በመጨረሻ ሶስና "አሁን ተራው ያንተ ነው" ብላ ብሩክን ለምርመራ ላከችው። ፈርቶ እኔን ይዞኝ ሄደ። ሐኪሙ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ቀጭን ሰው ነው። የብሩክን የደም ግፊት ለካ፤ ከፍ ብሏል። የዘር ናሙና እንዲሰጥ አደረገ፣ የልብ አልትራሳውንድም አዘዘለት። ውጤቱ ሁሉ ሲሰበሰብ ወረቀቱን ትቶ ብሩክን እያየ ተናገረ።

"የልብህ ግድግዳ ወፍሯል። የዘር ፍሬዎችህ ደግሞ አንሰዋል፤ ናሙናው ላይ ዘር የለም ማለት ይቻላል። ሆርሞን ትወጋለህ?"

"ኧረ በጭራሽ ዶክተር!" አለ ብሩክ። "ቫይታሚን ብቻ ነው። አይደል ደሬ?"

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ክንዴን አየ። አሁን ተናገር፣ አሁን! አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ።

"ቢ-ኮምፕሌክስ ነው" አልኩ።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። "ቫይታሚን ልብ አያወፍርም" አለ። ከዚያ ከሁለታችን ለማን እንደሚናገር ሳይለይ ማስረዳት ጀመረ። ቴስቶስትሮን ከውጭ በብዛት ሲገባ ክንድና ደረትን መርጦ አያሳድግም አለ። ልብም ጡንቻ ነው፤ እሱም ይወፍራል። ግን የወፈረ ልብ የበረታ ልብ አይደለም፤ ግድግዳው ሲወፍር ደም የሚሞላበት ቦታ ይጠብበታል፣ ሥራው ይከብደዋል። ፕሮስቴት የሚባለው፣ ከሽንት ፊኛ በታች ያለው ዕጢም ሊያድግ ይችላል። ሆርሞኑን የሚያመርተው የዘር ፍሬ ግን ሥራ ይፈታና ይሟሽሻል። "ሰልባጅ በርካሽ ሲገባ፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ቁጭ እንደሚለው ነው" አለ። ቶሎ ከቆመ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል፤ ለሁሉም ሰው እኩል ይመለሳል ብሎ ቃል መግባት እንደማይችልም ነገረን። "የምትወጋው ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ አቁም" አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ "አንተም ተመርመር" አለኝ።

ደረጃውን ስንወርድ ብሩክ መሀል ላይ ቆመ። "ደሬ፣ ለሶስና ምን እላታለሁ? ጎዶሎው እኔ ነኝ ማለት ነው" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ የት ይገኝ ነበር? እሱ እያለቀሰ፣ እኔ ክንዱን ይዤ፣ ሰው በሌለበት። እኔ ግን "ቫይታሚኑ ለነገሩ ከገበያ ጠፍቷል፣ ተወው። በምትኩ ተልባ ጠጣ፣ ጠዋት ጠዋት በእግርህ ሂድ" አልኩት። ተልባውን ከየት አመጣሁት? እኔም አላውቅም። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ብሩክ ለሶስና ነገራት። ለእናቱ ግን ወኔ አጣ፤ ሶስናም የባሏ ስም እንዳይነሳ ብላ ዝም አለች፣ ወቀሳውን ተሸከመችው። እኔ እያየሁ ነው የተሸከመችው።

እኔም ተመረመርኩ። ስክሪኑ ላይ የራሴን ልብ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ክንዴን ስለካ፣ ደረቴን ስለካ፣ ውስጤ ምን ያክላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወፍሯል አሉኝ። የቀረውን አልነግራችሁም፤ ኑዛዜም ቢሆን ልክ አለው። ብቻ ያን ቀን መርፌውን ጣልኩ።

ከዚያ የሁለት ወንዶች መክሳት ተጀመረ። ያን ጊዜ ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። እንደ ፊኛ ተነፈስን። ብሩክ መስታወት ፊት ቆሞ "ደሬ፣ ደረቴ የት ሄደ?" ይለኛል። ደንበኞቼ "አሰልጣኙን ምን ነካው?" እያሉ ይንሾካሾካሉ። ሶስና ያሰፋችውን ሸሚዝ ሁሉ መልሳ ማጥበብ ጀመረች። ጠዋት ከጎፋ ወደ መካኒሳ በእግራችን እንሄዳለን፤ ብሩክ ተልባውን በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ፣ አፍንጫውን ይዞ ይጠጣል። ሐኪሙ ጋ ስንመላለስ ግፊቱ ወረደ፣ የልቡም ውፍረት እየቀነሰ መጣ። በሄድን ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። ደህና ወሬ ሲሰማ ደግሞ ደስታውን ለምን ላበላሽበት እላለሁ። ለዝምታዬ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

አንድ እሁድ ብሩክ ሚኒባሱን ጂሙ ፊት ለፊት አቁሞ ክላክሱን አስጮኸው። መስኮት ላይ ስወጣ አንገቱን አውጥቶ "ሶስና አርግዛለች!" ብሎ ጮኸ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። መንገድ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። የእኔ ለቅሶ ከእሱ ለቅሶ በምን እንደሚለይ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ብሩክ ለተሳፋሪው ሁሉ "የደሬ ተልባ ነው ልጅ የሰጠን" እያለ ሲያወራ ከረመ። ሚኒባስ ውስጥ የተወራ ወሬ የት ድረስ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ስሜ "ደሬ ተልባ" ሆኖ ቀረ። ሴቶች ባሎቻቸውን እየጎተቱ ጂም መጡ። እማማ በላይነሽ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ልናዘዝ ቆርጬ ንስሐ አባቴ ቤት የሄድኩ ዕለት እንኳ፣ ገና አፌን ሳልከፍት "አንተ ልጅ፣ ያ ተልባህ ለሆድ ድርቀቴ እንዴት ያለ ነገር መሰለህ!" ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልጀምር? ምስጋናውን ተቀብዬ ተመለስኩ። አላፈርኩም ብል እዋሻለሁ። ምስጋናው አልጣመኝም ብል ደግሞ የባሰ እዋሻለሁ።

ልጁ ተወለደ፤ ወንድ ነው። የአርባ ቀን ክርስትናው ሲቃረብ ብሩክና ሶስና ጂም ድረስ መጡ። "አበልጅ እንሁን፤ የክርስትና አባቱ አንተ ነህ" አሉኝ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል፣ አሉኝ ደግሞ። ውሸቴን ይዤ መኖር እችል ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ችያለሁ። ያን ልጅ ታቅፌ፣ በእሱ ፋንታ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ልገባ መሆኑን ሳስብ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በዋዜማው ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ሶስና የልጁን የክርስትና ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። ዓርቡን፣ ብልቃጡን፣ ቢ-ኮምፕሌክሱን፣ ክትፎውን ሳይቀር ነገርኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

"ያን ሸሚዝ ሳሰፋ ምን እል እንደነበር ታውቃለህ?" አለችኝ። "'ጌታዬ፣ ለባሌ ይሄን ሁሉ ጤና ሰጥተህ እኔን ለምን ከለከልከኝ' እል ነበር። እግዚአብሔርን ነበር የማማርረው ደሬ። አንተን ማማረር ሲገባኝ።"

"ይቅር በይኝ ሶሲ።"

"ቆይ፣ አታጣድፈኝ! መጀመሪያ ዛሬውኑ ለብሩክ ትነግረዋለህ። ነገ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ድንኳን ውስጥ፣ እማማም ጎረቤቱም ባለበት ትናገራለህ። 'የወለደች ትያዘው' የተባልኩት በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ትመልስልኛለህ። ያለዚያ አበልጅ የሚባል ነገር የለንም።"

ብሩክን ሚኒባሱን ሲያጥብ አገኘሁትና ነገርኩት። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለ። "ግባ" አለኝ። ጋቢና ተቀመጥኩ። እስከ ሀይሌ ጋርመንት ነዳ፣ እዚያ አዙሮ ተመለሰ። እጃቸውን የሚያነሱትን ሰዎች ሁሉ አለፋቸው፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ጂሙ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።

"እኔ እኮ ስፈጠር ጀምሮ ጎዶሎ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ" አለ። "አይደለሁም ማለት ነው?"

"አይደለህም። እኔ ነኝ ያጎደልኩህ።"

መሪውን በሁለት እጁ መታው። ከዚያ፣ ታምኑኛላችሁ? መሳቅ ጀመረ። እየሳቀ እንባው ይወርዳል። "ያን ሁሉ ተልባ!" አለኝ። "ያን ሁሉ ተልባ አጠጥተኸኝ!" ትከሻዬን በቡጢ ነረተኝ፤ የቀልድ ቡጢ አልነበረም፣ ጠቁሮ ነው የሰነበተው። "ውረድልኝ። ነገ እንዳታረፍድ" አለኝ።

በማግስቱ ልጁ ተጠመቀ። ስንመለስ ድንኳኑ ጢም ብሏል። ልጁን እንደታቀፍኩ ቆምኩ። "ዝም በሉ፣ ሊመርቅ ነው" አለ አንዱ። ሁለቱም እጆቼ ስለተያዙ ላቤን እንኳ መጥረግ አልቻልኩም።

"ይህ ልጅ የዘገየው በእናቱ አይደለም" አልኩ። "በአባቱም አይደለም። በእኔ ነው።"

አንዳንዱ ነገሩን ወዴት እንደወሰደው ከፊቱ ስለገባኝ ቶሎ ብዬ "በመርፌ! በመርፌ ነው!" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ጓደኛዬን ቫይታሚን ነው እያልኩ ሆርሞን እንደወጋሁት፣ ልቡን እንዳወፈርኩት፣ ዘሩን እንዳደረቅኩት፣ ሶስና ስትወቀስ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም እንዳልኩ። "ተልባውስ?" አሉ አንዲት ጎረቤት ደንግጠው። "ተልባው ምንም አላደረገም" አልኩ። "ለእኔስ ሠርቶልኛል" አሉ ንስሐ አባቴ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሳቁ ሳይበርድ "መቼም ልጄ፣ ሳታውቅ ነው ያደረግኸው" ብለው ጨመሩ።

ምን ያህል ቀላል ነበር! ራሴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር። ድንኳኑ ሁሉ እንድነቀንቅ እየጠበቀኝ ነበር። ሶስናን አየኋት።

"አውቅ ነበር አባ" አልኩ። "ሲሸጥልኝ ነግሮኛል። እያወቅኩ ነው።"

እማማ በላይነሽ ተነሡ። ሊመቱኝ ነው ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ። ልጁን ከእጄ ተቀበሉኝ። ሄደው ሶስና ጭን ላይ አስቀመጡት። ጉልበቷን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ሶስና በአንድ እጇ ያዘቻቸው። "የወለደች ትያዘው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ምነው ያን ቀን ዲዳ ባደረገኝ" አሉ እያለቀሱ። "እርስዎም ወልደዋል አይደል እማማ? ይያዙት" አለችና መልሳ አስታቀፈቻቸው። እልልታው ቀለጠ። ብሩክ የሚኒባሱን ክላክስ ሊያስጮህ ሮጦ ወጣ።

እኔ ድንኳኑ መሀል ባዶ እጄን ቀረሁ። እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋብኝ። ሸሚዜን አስተካከልኩበት። ሶስና ያን ቀን ምን እንደተሰማት የገባኝ ያኔ ነው።

እሷም አይታኝ ነበር። ቆየት ብላ፣ በጣም ቆየት ብላ፣ ልጁን ይዛ መጣች። "ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እያሰብኩበት ነው። እስከዚያ ያዘው፤ እንግዳ ላስተናግድ።"

ያዝኩት። ተኝቷል። መዳፌን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ልቡ ትንሽዬ ናት፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ትመታለች። ማንም አልነካካትም። ልኳን ናት።

የበሩን ፎቶ አንስቼዋለሁ። የሚጠይቀኝ ሁሉ ለምን እንዳነሳሁት ይሰማል። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ሶስና አሁንም እያሰበችበት ነው። ሳምንት ሳምንት ቤታቸው እሄዳለሁ፣ በሩን ትከፍትልኛለች፣ ምንም ሳትል ልጁን ታስታቅፈኛለች። አስባ እስክትጨርስ ይዤው እጠብቃለሁ።